ከግድግዳው ማዶ የጎደለችው መስመር

ፎዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደም ስታይ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። መጀመሪያ ወንጂ፣ በኋላ አዳማ፣ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ወባ ስትፈልግ ነው ዕድሜዋ ያለፈው። አንድን ሰው «ወባ የለብህም» ለማለት በመስታወቱ ላይ መቶ ቦታ መታየት አለበት። ሰማንያ አይበቃም፤ ዘጠና ዘጠኝም አይበቃም። ይህ ልማድ ከደሟ ጋር ስለተዋሐደ ገበያም ተከትሏት ይሄዳል። የመቂ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ከሩቅ ሲያዩዋት «ላቦራቶሪዋ መጣች፣ የበሰበሰውን ደብቁ» ይባባላሉ።

እሷንና እትዬ አበዛሽን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ስለሚኖሩ ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ደንብ አወጡ፦ ጠዋት ቀድሞ የተነሣ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ ይመልሳል። በሰላም አድሬአለሁ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። እትዬ አበዛሽ በየሁዳዴው ወንጌልን ከዳር እስከ ዳር የማንበብ ልማድ ነበራቸው። ዘንድሮ ግን የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዶ ፊደሉ ሁሉ የጉንዳን ሰልፍ መሰላቸው። ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮላቸዋል፤ ከደብረ ዘይት በዓል ቀጥሎ ላለው ማክሰኞ። የቀጠሮው ወረቀት ላይ «አስታማሚ ያልያዘ አይስተናገድም» ይላል፤ ያ ቀን ካለፈ ደግሞ ለዘመቻ የሚመጡት ሐኪሞች መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። ፎዚያ በዚያው ሳምንት ሞጆ ያለችው ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ ከጎናቸው አትኖርም። የቀረቻቸው ዘመድ ቆቃ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ዲንቄ ብቻ ናት። ከእሷ ጋር ከተነጋገሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ለዲንቄ እንደውል?» ብትላቸው፣

«ዓይኔ ይቅርብኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይልቅ ታነቢልኛለሽ?»

«እኔ? እትዬ አበዛሽ፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ።»

«ፊደል ትለዪ እንደሆነ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ሰፈሩ ምን ይላል?»

«እንግዲያው ሰፈሩ ያንብብልኝ።»

ፎዚያ አሰበችበት። የመርየምን ልጅ ዒሳን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ያለ አባት መወለዱን፣ ሕሙማን መፈወሱን ቁርኣን ስትቀራ ሰምታለች። ግማሹን የምታውቀውን ታሪክ ሌላውን ግማሽ ሳያዩ መተው ደግሞ ከሙያዋ ጋር አይሄድም።

«ያልገባኝን እጠይቃለሁ» አለች። «የማልስማማበትንም እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። አፍ ከጾመ እኮ የሚሠራው ሌላ የለውም።»

በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እትዬ አበዛሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ንባቡ ይጀመራል። እሳቸው ሽሯቸውን ሲያቀርቡ «ዘወር በይ፣ ልጉረስ» ይሏታል። እሷ ምራቋ ደርቆ፣ «ይጉረሱ፤ እኔ የማየው ፊደሉን ነው» ትላለች። ደብተር ገዝታ በግራው ገጽ ጥያቄ፣ በቀኙ መልስ ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ «ይህን ሃይማኖት የመሠረተው በየትኛው ቀን ነው? አልተጻፈም።»

እትዬ አበዛሽ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ዕድር መሰለሽ? ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ማኅተም አስቀርጾ? ጌታ የመጣው የጠፋውን ሊፈልግ ነው። የተገኙት ተሰበሰቡ። ቤተ ክርስቲያን ማለት ያ ነው።»

ፎዚያ በቀኙ ገጽ እንዳለ ጻፈችው። የእግዚአብሔር ልጅ የሚል ቦታ ስትደርስ ቆም ብላ «እዚህ ላይ እኛና እናንተ እንለያያለን» ትላለች። እሳቸውም «እንለያያለን፤ ቀጥዪ» ይላሉ። ትቀጥላለች።

ያልጠበቀችው ነገር ብዙ ነበር። በወንጌሉ ዒሳ ቤት የለውም። በእጁ የጻፈው መጽሐፍ የለም። የሚያስተምረው ስለ ዘር፣ ስለ መረብ፣ ስለ እርሾ ነው፤ ተማሪዎቹ የቆቃ ሰዎችን የሚመስሉ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሰው ሁሉ ከሚጸየፋቸው ጋር ማዕድ ይቀርባል፤ ለምን ሲሉት ሐኪም የሚያስፈልገው ለበሽተኛ ነው ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከሁሉ የገረማት ግን ተማሪዎቹ በገዛ መጽሐፋቸው ውስጥ ፈሪና ዘገምተኛ ሆነው መጻፋቸው ነው። ዋነኛው እንኳ ውሃ ላይ ተራምዶ ሳይጨርስ ሲሰጥም ይታያል።

«ስህተቱን ራሱ የሚመዘግብ ባለሙያ መዝገቡ ይታመናል» አለች።

«ይህቺን ለቄሱ እነግራቸዋለሁ» አሉ እትዬ አበዛሽ።

በሁለተኛው ሳምንት ጌታ በተራራ ላይ ሕዝቡን ሲያስተምር፣ እንዴት መጸለይ እንዳለባቸው የሚነግርበት ቦታ ደረሱ። ፎዚያ ሁለት መስመር አንብባ ቀና አለች። ቃሉ አዲስ ነው፤ ዜማው ግን የምታውቀው ነው። ለስምንት ዓመት በየንጋቱ በግድግዳው በኩል ሲመጣ የኖረው የእትዬ አበዛሽ ጸሎት ይህ ነው።

በማግስቱ የንጋቱን ሱብሒ ሰግዳ፣ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ጆሮዋን ሰጠች። አባታችን ሆይ ተባለ። ሰማዩ መጣ፣ ስሙ መጣ፣ መንግሥቱ፣ ፈቃዱ፣ የዕለት እንጀራው መጣ። ከዚያ አንድ ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ ሆነ። ከዝምታው በኋላ ፈተናው ቀጠለ። እኛ የበደሉንን ይቅር እንደምንል አንተም ይቅር በለን የምትለዋ መስመር የለችም።

በአንድ መስታወት አይፈረድም። ሦስት ጠዋት አዳመጠች። ሦስቱንም ጠዋት ዝምታው እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ደብተሯ ላይ ቁጥር ሳትሰጠው ጻፈችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ቀጠሮው ስምንት ቀን ሲቀረው ሁለት ዓይነ ስውሮች መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚጮኹበት ቦታ ደረሱ። ሕዝቡ ዝም በሉ ይላቸዋል። ጌታ ግን ቆመ፣ ጠራቸው፣ ምን እንዲያደርግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ፎዚያ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው።

«ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ዓይነ ስውር ሌላ ምን ይፈልጋል?»

«መጠየቅማ አለበት» አሉ እትዬ አበዛሽ። «መዳን የማይፈልግም ስላለ።»

ካሉ በኋላ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት፤ እጃቸው የነጠላቸውን ጥለት መፈተል ጀመረ። ፎዚያ ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማታገኝ ገባት።

«ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ያየሁትን ሳልጽፍ ፈርሜ አላውቅም። ጠዋት ሲጸልዩ አንድ መስመር ይዘላሉ።»

«ግድግዳ ላይ ጆሮሽን ትለጥፊያለሽ?»

«ግድግዳው ጭቃ ነው።»

እትዬ አበዛሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ይቅር ያላልኩትን ይቅር ብያለሁ ብዬ ፊቱ ቆሜ ልዋሽ? ብዘለው ይሻላል።»

ከዚያ ነገሩን አወጡት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሆዳቸውን ተቀደው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እናታቸው ቆቃ ላይ አረፉ። ዲንቄ ለእሳቸው ሳትናገር ቀበረች። መርዶውን የነገሯቸው በአርባው ነው።

«እሷ አለቀሰች፣ እሷ አፈር አለበሰች። እኔ እናቴ አለች ብዬ ሾርባ እጠጣለሁ። ‹ቁስልሽ ሳይደርቅ መርዶ አይነገርም ብለን ነው› አለችኝ። ማን ጠየቃት?»

«ስፌቱ ስንት ነበር?» አለች ፎዚያ።

«ሃያ ሦስት።»

«ቢነግሩዎት ኖሮ?»

«ተነሥቼ እሄዳለኋ።»

«ከነስፌቱ?»

«ከነስፌቱ» አሉ እትዬ አበዛሽ፤ ግን ድምፃቸው መሐል ላይ ዝቅ አለ። ወዲያው «በይ ውጪልኝ» አሏት።

ሁለት ቀን ንባብ አልነበረም። ፎዚያ ጠዋት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ስትመታ መልሱ ዘግይቶ፣ ያውም አንዴ ብቻ መጣ። ለመኖሬ ይህ ይበቃሻል እንደማለት።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጸሎቱ እንደተለመደው ተጀምሮ እንጀራው ላይ ደረሰ። ዝምታው መጣ። አንድ ትንፋሽ አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወደ ፈተናው አልተሻገረም። የፎዚያ በር ተንኳኳ። እትዬ አበዛሽ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ መጥተው ደጃፏ ላይ ቆመዋል።

«ስልክሽን አምጪ። ዲንቄ ጋ ደውዪ።»

ፎዚያ ደወለች። እየጠራ ሳለ እትዬ አበዛሽ አንገታቸውን አዘነበሉ። «ቁጥሯን እኔ አልነገርኩሽም።»

«በየዓመት በዓሉ ትደውልልኛለች። ‹እህቴ ደህና ናት?› ትላለች። አትንገሪያት ስላለችኝ ነው።»

«አንቺም ደበቅሽኝ?»

«ደበቅኩዎት።»

«እንግዲህ የዚህ አገር ሰው በደግነት እየደበቀ ሊጨርሰኝ ነው» አሉ፤ ከንፈራቸው ዳር ግን ሳቅ የሚመስል ነገር ነበር።

ፎዚያ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች፤ ስልኩ ተነሣ። «ፎዚያ? በጠዋቱ ምነው? እህቴን ምን አገኛት?»

«ምንም አላገኘኝም» አሉ እትዬ አበዛሽ። «ማክሰኞ ዓይኔን ሊያክሙኝ ነው። ሰው ያስፈልጋል ተብዬ ነው።»

ከወዲያ በኩል ሣጥን ሲከፈት ተሰማ።

«ዲንቄ?»

«መጣሁ።»

«ዛሬ አይደለም፤ ማክሰኞ ነው ያልኩሽ።»

«ዛሬ ነው የምመጣው።»

እኩለ ቀን ሳይደርስ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ። ዲንቄ በፌስታል ዓሣ አንጠልጥላ ወረደች። «አካም ጅርታ፣ እታለም?» ስትል በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀች።

«ነጋ፣ ደህና» አሉ እትዬ አበዛሽ። አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «በሁዳዴ ዓሣ ይዘሽ መጣሽ?»

«ቆቃ ነው የምኖረው፤ ምን ይዤ ልምጣ? ለፎዚያ ማፍጠሪያ ነው።»

ፎዚያ ዓሣዋን ተቀብላ ቤቷ ገባች። በግድግዳው በኩል ስለ ዓሣ ክርክር ሰማች። ከዚያ እትዬ አበዛሽ በዝግታ ይጠይቁ ጀመር፦ እናታቸው በስንት ሰዓት አረፉ፣ ማን ገነዛቸው፣ ቃሬዛውን እነማን ተሸከሙ፣ ዝናብ ነበር ወይ። ዲንቄ አንዱንም ሳታስቀር መለሰች። ከዚያ ልቅሶ ተነሣ። ፎዚያ ልትሄድ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመት የዘገየ የሁለት እህቶች ልቅሶ ነው፤ የእሷ ቦታ እዚያ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሞጆ ለመሄድ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ሳለ ጸሎቱ ተጀመረ። ዛሬ ድምፁ ሁለት ነው፤ ወፍራሙ የእትዬ አበዛሽ፣ ቀጭኑ የዲንቄ። እንጀራው ላይ ደረሱ። ወፍራሙ ቆመ። ቀጭኑ ጥቂት ቃል ተሻግሮ ብቻውን መቅረቱን ሲያውቅ ቆሞ ጠበቀ። ፎዚያም ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጠበቀች። የእትዬ አበዛሽ ድምፅ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው እየተንጠባጠበ መጣ። ያቺን መስመር ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ብቻቸውን አሏት፤ ቀጭኑ ድምፅ ከኋላ ደረሰባቸውና ወደ ፈተናው አብረው ተሻገሩ።

አሜን እስኪባል ቆይታ ፎዚያ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታች።

አራት ጊዜ ተመለሰላት።

«መኪናው እንዳያመልጥሽ» አሉ እትዬ አበዛሽ ከግድግዳው ማዶ። «መጽሐፉ ላይ ካቆምሽበት ቦታ ምልክት አድርጌበታለሁ። ስትመለሺ የቀረውን የማነብልሽ እኔ ነኝ።»