ለሐኪም የታጠበ ልጅ

አያቲቱ የሕፃኑን ከንፈር በቅባት ሲያብሱ፣ እናቱ የትኩሳቱን ሽሮፕ በማንኪያ ይዛ ትጠብቃለች። ሕፃኑ ጮኸ። ከሰሞኑ ሲያቅፉትም ሲያስተኙትም ያለቅሳል።

«እማማ፣ ይተዉት፤ ያመዋል።»

«ደምቶ ይሂድ? የላውንደሪ ሠራተኛ ልጇን አቆሽሻ አመጣች ይበሉሽ?»

እናቱ በላውንደሪ የሰው ልብስ ትተኩሳለች፤ በደንበኛ ሸሚዝ ላይ ያመለጣት የእድፍ ነጥብ እንቅልፍ ይነሣታል። ስለዚህ ሽሮፑን አጠጣችው፤ ንጹሕ ልብስ አለበሰችው፤ ያበጡትን እጆቹንም በነጭ የእጅ ሹራብ ሸፈነች። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሐኪሟ የትኩሳት መለኪያውን አየች።

«ዛሬም ትኩሳት የለውም።»

እናቱ ግንባሩን ዳሰሰች። እውነትም ቀዝቅዟል። «ዶክተር፣ ቤት እኮ እንደ ካውያ ነው የሚፋጀው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ጠፋ። ገላው ሽፍ ብሎበት ነበር፤ እሱም ጠፋ።»

«የመጀመሪያ ልጅሽ ነው?»

«አዎ።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። እናቱ የዚያን ፈገግታ ትርጉም አላጣችውም። በእርግጥ ያየችውን ነው የምትናገረው ወይስ የፈራችውን? ሽፍታው በየት በኩል ነበር? ሆዱ ላይ መስሏት ነበር፤ አሁን ግን ጀርባው ላይ ይሁን እርግጠኛ አይደለችም።

«ይኼ ልጅ ሐኪም ሲያይ ይድናል፤» አሉ አያቲቱ። «እዚሁ ይደር በያቸው።»

ሐኪሟ ልትመዝነው ሸሚዙን አወለቀች፤ በድንገትም እጇ ቆመ። ከትከሻው ዝቅ ብሎ ያለው የክትባት ጠባሳ ቀልቶ አብጧል።

«ይህ መቼ ቀላ?»

«የክትባት ምልክት አይደል? ሁሉም ልጅ አለው፤» አሉ አያቲቱ።

«ሁሉም አለው። የድሮ ጠባሳ ግን ያለ ምክንያት አይቀላም።» ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እናቱ አቀረበች። «ካዋሳኪ የሚባል በሽታ አለ። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፦ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የዓይንና የከንፈር መቅላት፣ የእጅ እብጠት፣ የዚህ ጠባሳ መቅላትም፤ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ግን አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል፤ አንዳንዱም ጭራሹን አይታይም። ከዘገየንበት የልብ ደም ሥሮችን ይጎዳል። ይሁን አይሁን ገና አላወቅሁም፤ የማየው ግን ቤት ውስጥ አየን ከምትሉኝ ጋር አይገጥምም። ስትመጡ የትኩሳት መድኃኒት ሰጥታችሁታል?»

«እኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም አንሰጥም፤» አሉ አያቲቱ ቀና ብለው።

እናቱ አማቷን አየች፤ ልጇን አየች። ሁሉም ነገር ተምታታባት። እስከ ዛሬ በሽታው የሚሸሸግ መስሏት ነበር፤ የሸሸገው ማን ነው? አማቷን በሰው ፊት ማዋረድ ደግሞ ከቶ ያላደረገችው ነገር ነው።

የእጅ ሹራቦቹን አወለቀች። ጣቶቹ ቀልተው ተወጥረዋል። ከዚያ በሸሚዟ እጅጌ የከንፈሩን ቅባት ጠረገች። ከሥሩ የተሰነጠቀ፣ የደማ ከንፈር ወጣ።

«ሰጥተነዋል፤» አለች። «በመጣን ቁጥር ሰጥተን ነው የምናመጣው።»

ሐኪሟ ስልኩን አንሥታ ወደ ልብ ምርመራ ክፍሉ ደወለች።

አያቲቱ አንገታቸውን እንደ ደፉ የምራታቸውን እጅጌ በዓይናቸው አመለከቱ።

«ነጩን ሸሚዝሽን ደም ነካው። ሳይደርቅ በውኃ እጠቢው።»

እናቱ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ይቆሽሽ፣ እማማ።»