ማን ጠየቃት?

«ዛሬውኑ ዕቃዋን ትሰብስብና ጌይተርስበርግ እኛ ቤት ትግባ» አለ ምናሴ። ለቀስተኞቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕድላዊት የሻዩን ትሪ ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ቀና ብሎ ያያት ግን የለም።

የምናሴን እህት ዮሐናን የቀበሯት ትናንት ነው። ታሪክ አስተማሪ ነበረች። ወላጅ ያጣችውን ዕድላዊትን በዚህ የአሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ለኮሌጅ ያበቃቻት አክስቷ እሷ ናት።

«ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት» አለች አንዷ ሴት፣ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ።

ልጅ። ዕድላዊት አስራ አራት ዓመት የሞላት ሰሞን፣ ዮሐና ፈተና እያረመች ስለ ጥንት ግሪክ ልጃገረዶች አጫውታት ነበር። ልጅቱ ልትዳር ስትል አሻንጉሊቷንና ኳሷን፣ ከጸጉሯም ቆርጣ፣ አርጤምስ ለምትባለው አምላካቸው ትሰጣለች። ከዚያ በጋሪ ጭነው ባሏ ቤት ያደርሷታል። በቃ፣ ሴት ሆነች።

«በስንት ዓመቷ?»

«በአንቺ ዕድሜ። ባልየው ሠላሳ።»

«ማን ጠየቃት?»

ዮሐና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማንም። እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም። በአስራ ስድስት ዓመቴ፣ አዳማ፣ ሽማግሌ ተቀብለው ቀን ቆረጡልኝ። አባቴ ፊት ቆሜ ‹አላገባም› አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ሴት የሆንኩት ያን ዕለት ነው።»

ዕድላዊት ትሪውን አስቀመጠች።

«ጋሼ ምናሴ፣ ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ግን አልሄድም።»

ለቀስተኞቹ ቀና ብለው አዩዋት።

«ትምህርቴም ሥራዬም እዚህ ነው። ጠዋት የአፓርትመንቱን ማኔጅመንት አናግሬያለሁ፣ ሊዙን፣ የኪራዩን ውል፣ በስሜ ያዞሩልኛል። ጓደኛዬ ፀደይ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ሩምሜት ሆና ኪራዩን ትጋራኛለች።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ማንንም አላስፈቀድኩም። እርስዎን ግን እሁድ እሁድ፣ ከቸርች በኋላ፣ ለምሳ እጠብቅዎታለሁ።»

ምናሴ ትክ ብሎ አያት። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲሟሽሽ ሁሉም አየው።

«ቁርጥ እሷን!» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አባታችን ፊት የቆመች ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም።» ከዚያ ወደ ለቀስተኞቹ ዞረ። «ልጅቷ የምትለውን ሰምታችኋል። እዚሁ ትቀመጣለች።»

ማምሻውን ሰዉ ሲሳሳ፣ ዕድላዊት በሩ ሥር የተዘበራረቀውን ጫማ ልታስተካክል ጎንበስ አለች። ከመሃል የዮሐና ስኒከር ብቅ አለ። ሁልጊዜ ስለምትቸኩል ማሰሪያውን ሳትፈታ ነበር የምታወልቀው። ዕድላዊት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጫማውን ጭኗ ላይ አደረገችና ቋጠሮውን በጣቶቿ መፍታት ጀመረች። ጠብቆ ስለነበር ጊዜ ወሰደባት።