ስድስተኛዋ ጥይት

ታቢታ በፎጣ የተጠቀለለውን ነገር ከስፌት መኪኖቹ መካከል ስታስቀምጠው፣ ወልደጻድቅ ሳይፈታው ከቅርጹ አወቀው። መፍቻውን አስቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጆሮው አልወጣ ያለው የዚያ ሽጉጥ መዶሻ ድምፅ፣ በጠራራ ፀሐይ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ሱቁ ድረስ ተከትሎት መጣ።

ዛሬ የስፌት መኪና ይጠግናል እንጂ ዕድሜውን የጨረሰው በሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ነው። ሽጉጥ ያለው የከተማው ሰው ሁሉ እሱን ሳያማክር አይውልም።

"ጋሼ፣ የባለቤቴ የሕዝቅያስ ነው" አለች። "ፖሊስ ከነጥይቱ መለሰልን። ወንድሙ ሙሴ ለጣሳ መምቻ ስጪኝ ይላል። ደህና መሆኑን ይዩልኝ።"

ወልደጻድቅ ፎጣውን ገለጠ። አምስት ያልተተኮሱ ትንንሽ ጥይቶችና አንድ ቀለህ። ስድስት። ደግሞ ቆጠራቸው።

"ሌላም ጥያቄ አለኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ራሱን ነው የገደለው?"

ሕዝቅያስ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሥራ በተባረረ በሳምንቱ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ አጎቱ ማሳ ላይ ጣሳ ሊመታ ሄዶ ደረቱን ተመቶ ተገኘ። ያየ ሰው አልነበረም። ፖሊስ "ድንገተኛ" ብሎ ጻፈ፤ ለቅሶ የደረሰው ሕዝብ ግን የራሱን ፍርድ ይዞ ተመለሰ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። የጸሎት ቤቷ ሴቶች ዛሬም ታቢታን ሲያዩ ወሬ ያቋርጣሉ።

"አይታወቅም" ማለት ይችል ነበር። ማን ያጣራበታል? ግን የሴትዮዋን ዓይን አየና ሽጉጡን አነሳ። ስድስት ጎራሽ ነው፤ ቀላልና የሚያምር። ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ይጠይቃል። አፈሙዙ ንጹሕ ነው፣ ጥይት የሚይዘው መዘውርም አይወላገድም። ለጣሳማ ከዚህ የሚሻል የለም።

ከአንዷ ጥይት እርሳሷንና ባሩዷን አወጣ። ጠርዟ ሲመታ የሚፈነዳ ማቀጣጠያ ያላትን ባዶ ቀለህ ሽጉጡን አጎረሰውና መዶሻውን ቀስ አድርጎ አሳረፈባት። ከዚያ ምላጩን ሳይነካ፣ የመዶሻውን ጀርባ በእንጨት መታ።

ጧ!

ታቢታ ጮኸች። ውጭ የቆመው የባጃጅ ሹፌር ዞር ብሎ አየ።

"ምላጩን አልነካሁም። አይተሻል?" አለ። "መዶሻው ጥይቷ ላይ ነው የሚያርፈው። ድንጋይ ላይ ከወደቀ ይተኩሳል። ይኸው ጀርባው ተፍቋል፣ ድንጋይ የበላው ነው። ያኔ ሳየው ይህ ጭረት አልነበረም። ወድቆበት ነው፣ ልጄ። ራሱን አልገደለም።"

"ያኔ መቼ?"

ቃሉ አምልጦታል። ወልደጻድቅ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ እጁን ደግሞ ጠረገው።

"ከመሞቱ በፊት አምጥቶ አሳይቶኝ ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ ስድስት ቢይዝም አምስት ብቻ ነው መጉረስ ያለበት፤ መዶሻው ሥር ያለችው ቦታ፣ ቢወድቅ እንዳይተኩስ፣ ባዶ ትቀራለች። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። 'ስድስቱን ባጎርሰውስ?' አለኝ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። 'አጉርሰው፣ ወንድ አይደለህ እንዴ?' አልኩት። ተሳሳቅን።"

ታቢታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ፊቷን በፎጣው ሸፍና "ራሱን አልገደለም" አለች፤ ደግማ ደጋግማ አለችው። ወልደጻድቅ እርግማኗን ቆሞ ጠበቀ። ምነው በረገመችውና በተገላገለ።

ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች።

"ሙሴ አያገኘውም። ለፖሊስ እመልሰዋለሁ። እሁድ ጸሎት ቤት ይመጣሉ፣ ጋሼ። አሁን ለእኔ የነገሩኝን በሰው ሁሉ ፊት ይናገራሉ።"

"እመጣለሁ።"

በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

"መሳቃችሁንም ጭምር" አለች።