አራተኛዋ ጠብታ

…አራተኛዋ ናት፣ ከእስክሪብቶ ቁጥሯ ጎን ቀልታ የምታብጠው፣ ኤርሚያስ የትኛው ምግብ እንደማይስማማው ሊመረመር ክንዱን የሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያያታል፣ እንዳታካት ተብሏል፣ ታሳክካለች። አንደኛዋ ስንዴ፣ ዝም። ሁለተኛዋ ምስር፣ ዝም። እናቱ አንገቷን ታሰግጋለች፣ ምስር እንዴት ዝም ይላል፣ የቶይባ ሳምቡሳ የምስር አልነበር እንዴ፣

ነበር። ጎረቤቶቼ ጾም ናቸው ብላ እትዬ ቶይባ ቅቤ ባልነካው መጥበሻ ለይታ የጠበሰችው፣ እሱም ያን ሮብ ሁለት በልቷል፣ ግን ከዚያ በፊት የቻይኖቹ ካምፕ አለ፣ ከጓደኛው ከበዳሳ ጋር ካርቶን አውርደው ሲጨርሱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሳህን ሙሉ ሽሪምፕ፣ ያ ጥምዝምዝ የባሕር ትል መሳይ፣ ብላ እንጂ ጀለስ፣ ፋራ አትሁን፣ ይለዋል በዳሳ፣ እሱ ደግሞ ፋራ ከተባለ ድንጋይም ይቆረጥማል። አምስት። በሁዳዴ። ቤት ሲደርስ ከንፈሩ ጎማ አክሏል፣ ጉሮሮው አልከፈት ብሏል፣ ምን በላህ ልጄ፣ ሳምቡሳ። አንዲት ቃል፣ በቃ። ይኸው ሁለት ወር እማዬ እትዬ ቶይባን ሰላም አትልም፣ የሰው ዓይን ነው እያለች ቁስቋም ጠበል ታመላልሰዋለች፣ ያቺ ደግሞ በሱቋ ደጅ ሲያልፍ ተሻለህ ወይ የኔ ልጅ ትለዋለች፣ እሱ የተዘጋ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያልፋል።

አራተኛዋ ሽሪምፕ ናት፣ ትላለች ዶክተር ሊድያ፣ ግን እብጠቱ ብቻውን አይበቃኝም፣ ቤት ውስጥ በረሮ ያስቸገረው ሰውም ቆዳው እንዲህ ሊያብጥ ይችላል፣ ሽሪምፕ በልተህ ታውቃለህ?

በረሮ። መውጫ ቀዳዳ። በረሮ ነው በላት፣ ሞልቷል በላት፣ ማን ያያል፣ እማዬ ግን ትቀድመዋለች፣ አላልኩሽም የኔ ልጅ፣ እኛ ቤት በረሮ ከየት አባቱ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ከቶይባ ቤት ነው የሚመጣው፣

በረሮውም የእትዬ ቶይባ ሆነ። ኧረ በቃ፣ በልቻለሁ፣ ይላል ለጠረጴዛው። አምስት። ካምፑ ጋ፣ ሮብ ለት። ሳምቡሳውን ከዚያ በኋላ ነው የበላሁት።

ዶክተሯ ትጽፋለች፣ ሸርጣንም እንዳትሞክር፣ ዘመዳሞች ናቸው። እማዬ ብትሰድበው፣ ሁዳዴን ሻርክ ብላ ብትጮህበት ይሻለው ነበር፣ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ትነሳለች፣ ሳታየው፣ ፊት ፊት ትሄዳለህ፣ ለቶይባ የምትነግራት አንተ ነህ፣ እኔ ከኋላህ ቆሜ እሰማለሁ። እሺ እማዬ። ሱቁ ደጅ ሰው ባይኖር፣ አንድ እንኳ ባይኖር፣ እዚያ ደጅ ደግሞ ሁሌ ሰው አለ።