የፎቶዋ ድምፅ

እትዬ ደክሟቸዋል። ይሄ አንድ ሌሊት ተኝተው የሚገላገሉት ድካም አይደለም፤ አብሯቸው ያረጀ ነው። የአደራ እናት ናቸው። እናቱ የታመመችበት፣ አባቱ የታሰረበት፣ ቤቱ የፈረሰበት ሕፃን ሁሉ ክፉው ጊዜ እስኪያልፍ እሳቸው ጋ ይቀመጣል። ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ ጠባዩን ለምደው ልክ መውደድ ሲጀምሩ ፀጉሩን አበጥረው ያስረክቡታል። ከዚያ በሩን ዘግተው አንሶላ ይቀይራሉ። ካስረከቡ በኋላ ሄደው አይጠይቁም፣ ስልክም አይደውሉም። ጨካኝ ሆነው አይደለም። አንድ ሁለቴ ሞክረውት ሆዳቸው ምን እንደሚሆን ስላዩ ነው።

ድምቡሼ የመጨረሻዋ ናት ብለው ነበር። ይህንንም ልጆችን ለሚያመጣላቸው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በግልጽ ነግረዋታል። እትዬ ይህችን ሠራተኛ በሆዳቸው «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ምን ቢነግሯት መልሷ ያው ነዋ። ልጁ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ሲሏት ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ቧንቧው ፈነዳ ሲሏት ቀስ በቀስ ይሠራል። «ወገቤ አልቻለም፣ ከእንግዲህ በቃኝ» ሲሏትም ያችኑ ቃል ደገመችላቸው።

ድምቡሼ ስትመጣ ገና መዳህ እንኳ በቅጡ አታውቅም ነበር። እናቷ ሳንባዋን ታማ ሩቅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ በሽታው ስለሚተላለፍ ሕፃን ወደዚያ አይገባም። ከልብሷ ጋር አንድ ፎቶ መጣ። ጉንጯ የሞላ፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የፈሰሰ፣ ፈገግ ያለች ወጣት ናት። እትዬ እንደ ልማዳቸው በፍሬም አድርገው ከልጅቷ አልጋ ራስጌ ሰቀሏት። ልጅ እናቷን እንዳትረሳ ማድረግ እሳቸው ጋ ከማብላት እኩል ነው።

ነገሩ በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። እራት ከተበላ በኋላ እትዬ ፎቶዋን አውርደው ድምቡሼ ጭን ላይ ያስቀምጧታል። «በይ ለእማዬ ንገሪያት፣ ዛሬ ምን ሠራሽ?» ልጅቷ አፏን ስትፈታ ወሬው ሁሉ ለፎቶዋ ሆነ፤ ድመት መጣች፣ ሾርባ ፈሰሰ፣ እትዬ ተቆጣችኝ። ወሬ ደግሞ መልስ ይፈልጋል። ፎቶዋ ዝም ስትል ድምቡሼ ከፋት፣ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ነው እትዬ ቀጭን ድምፅ ያወጡት፦ «ውይ የኔ ሆድ! ሾርባው አቃጠለሽ እንዴ?»

ድምቡሼ ፍንድቅ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! ወንበር ላይ እያንቀላፉ እንኳ እማዬ ሆነው ይመልሳሉ። ፎቶዋ ትስቃለች፣ ትመክራለች፣ ጥርስሽን ቦርሺ ትላለች። እትዬ ቀን የተቆጡ እንደሆነ ማታ ለልጅቷ የምታደላው እሷ ናት። «ምን ሆና ነው የተቆጣችሽ፣ ይቺ አሮጊት!» ይላሉ እትዬ ራሳቸውን።

እናትየው ድና ከሆስፒታል ስትወጣ ድምቡሼ ምላሷ የተፈታ፣ ሮጣ የማትያዝ ልጅ ሆናለች። መጀመሪያ የተገናኙት በጽሕፈት ቤቱ መጫወቻ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ ቢራቢሮ የተሳለበት፣ መኪኖቹ ሁሉ ጎማቸው የወለቀ ክፍል። እናትየው ቀድማ ደርሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ኮቷ ሰፍቷታል፣ ጉንጯ ገብቷል፣ ፀጉሯ አጭር ነው። ልጇን ስታይ ተንበረከከች።

«መጣሁልሽ» አለች። «እማዬ ነኝ።»

ድምቡሼ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ እትዬ ፎቶዋን ወደያዙበት ቦርሳ ሮጣ አወጣቻትና ፊቷ ደቀነችላት።

«እማዬ ይቺ ናት» አለች፣ ለእንግዳ እንደሚነገር በትሕትና። «አንቺ የማን እናት ነሽ?»

እናትየው ፎቶዋን ተቀብላ አየቻትና መልሳ ሰጠቻት። «ቀስ በቀስ» እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ቃሏን አልደገመችም። በኋላ በሩ ጋ እትዬን ለብቻ ይዛ፣ «ልጅቷ ካልተቀበለቻት ርክክቡ ይራዘማል፤ ምናልባትም በጣም» አለቻቸው።

እትዬ ደስ አላቸው። መደበቅ አይቻልም፤ ወገባቸውን ረስተው ደስ አላቸው። ደስታው ግን አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እንኳ አልዘለቀም፤ ያቺ ሴት የገዛ ፎቶዋን እንደ ሰው ዕቃ ስትመልስ ያዩት ዓይናቸው ላይ ተደቅኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እናትየው እትዬ ቤት ትመላለስ ጀመር። አሻንጉሊት ታመጣለች፣ መሬት ተቀምጣ ትጫወታለች። ድምቡሼም ደግ ልጅ ናትና «እንግዳዋ መጣች!» ብላ በር ትከፍታለች፣ ከብስኩቷም ትቆርስላታለች። እማዬ ግን ግድግዳው ላይ ናት።

አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ሲያጥቡ እናትየው ተናገረች።

«እትዬ፣ በገዛ ፎቶዬ ቀናሁ። ይሳቁብኝ ካሻዎት። እሷ ጤነኛ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም። እኔ ምን አለኝ?»

እትዬ አልሳቁም። እጃቸውን አደረቁ።

«ፎቶዋ ብቻ አይደለችም፣ ልጄ። ድምፅም አላት። የሰጠኋት እኔ ነኝ።» ማታ ማታ የሚሆነውን ሁሉ ዘርዝረው ነገሯት። «እንዳትረሳሽ ብዬ ነበር። ሌላ እናት ሠርቼባት ቁጭ አልኩ።»

እናትየው ፊቷ ተለዋወጠ። የምትቆጣ መስሏቸው እትዬ አንገታቸውን ደፉ።

«እንደብቃት?» አለች።

«ብንደብቃት እናቷን ዳግመኛ አጣች ማለት ነው። ዛሬ እራት እዚህ ብዪ። ስታወራላት አንቺ መልሺ፤ እኔ ዝም እላለሁ።»

ዝም እላለሁ ማለት ቀላል ነው። እራት ተበላ፣ ፎቶዋ ወረደች፣ ድምቡሼ በእናትየውና በእትዬ መሀል አልጋው ላይ ተመቻቸች።

«እማዬ፣ ድመቷ ዛሬ አመለጠች» አለች። ጠበቀች። መልስ ሲጠፋ ዞር ብላ የተመለከተችው ፎቶዋን ሳይሆን የእትዬን አፍ ነው። ለካ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ድሮውንም ታውቃለች። ቀጭኑ ድምፅ የእትዬ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከንፈራቸውን ነከሱ።

«የት ገባች፣ የኔ ሆድ?» አለች እናትየው። ድምፅዋ የሻከረ፣ በሳል ያለቀ ነው።

ድምቡሼ ፎቶዋን አየች፣ ሴትየዋን አየች፣ እንደገና ፎቶዋን አየች።

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«አሞኝ ነበር።»

«ፀጉርሽስ?»

«እሱም አሞት ነበር። ያድጋል።»

ልጅቷ የፎቶዋን ጉንጭ በጣቷ ነካች፤ ከዚያ የሴትየዋን ጉንጭ።

«እሺ፣ አሁን ጥርስሽን ቦርሺ በይኛ» አለቻት፣ የሚቀጥለውን ስለረሳችባት ትንሽ ተቆጥታ።

እትዬ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ኩሽና ገቡ፣ የቧንቧውን ውሃ ከፍተው አለቀሱ።

የርክክቡ ቀን የድምቡሼን ፀጉር አበጠሩ። ከወትሮው ይልቅ ቆዩበት። «ቀስ በቀስ» ሻንጣውን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ፎቶዋ ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ሥር ገብታለች፣ ማንም አልፈለጋት። እናትየው ልጇን አዝላ እያመነታች ቀረበች።

«እትዬ፣ የእርስዎን ፎቶ ይስጡኝ። ከአልጋዋ ራስጌ እሰቅለዋለሁ። ማታ ማታ ታወራዎታለች፣ እኔ እመልስልዎታለሁ።»

የክፋት አልነበረም፤ ከልቧ ነው። እትዬ ግን ራሳቸውን ግድግዳ ላይ አዩት፤ ፈገግ ብለው፣ ሳያረጁ፣ በሰው አፍ እየተናገሩ።

«ፎቶ የለኝም» አሉ። ውሸት ነው፤ መሳቢያው ሙሉ ነው።

ድምቡሼ ከእናቷ ጀርባ ላይ አንገቷን አስግጋ አየቻቸው።

«እትዬ፣ አንቺም ፎቶ ልትሆኚ ነው?»

ስንቱን ልጅ ሸኝተው ሄደው የማይጠይቁት ሴትዮ የልጅቷን ጉንጭ ዳበስ አደረጉ።

«አልሆንም» አሉ። «ፎቶ ምን ያደርጋል። ራሴ እመጣለሁ።»

«ቀስ በቀስ» ሻንጣውን መሬት አስቀምጣ በመገረም አየቻቸው።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሏት። «ይልቅ ንገሪኝ፣ ወደነሱ ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ የትኛው ነው?»