ከቦታው የተነሣው ቀንድ አውጣ

ካራር የዶክተር ናጅያን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማው። ከዙህር ሶላት በኋላ የቀረበለት ዓሣ ሳይነካ በረደ።

«አጎቴ ካራር፣» ትላለች የባሕር እንስሳት ተመራማሪዋ ከዩኒቨርሲቲዋ፣ «ይሄ ፎቶውን የላክልኝ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ በቁሰይር የቀይ ባሕር ዳርቻ ተመዝግቦ አላየሁም። ግን ምን ላይ ነበር? እንዲህ ያሉት የሚበሉት አንድ ዓይነት የባሕር ሰፍነግ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከተነሡ በረሃብ ያልቃሉ። አላነሣኸውም አይደል?»

አንሥቶታል። ትናንት ከኮራሉ ዐለት ጥላ ሥር በጣቱ ጫፍ አውጥቶ፣ ፎቶው እንዲጠራለት ነጭ አሸዋ ላይ አስቀምጦታል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዶችን ባሕር እያስገባ «እጃችሁን ሰብስቡ» ሲል የኖረ ሰው።

«መልስ ስጣት እንጂ፤» አለች ሚስቱ ሐሚዳ።

«ምን ብዬ?»

«አላነሣሁም በላት። ቀንድ አውጣው ሄዶ አይመሰክርብህ።»

«የሚመሰክር አለ።»

«የሰይድ አባት፣ የኔ እግር ሲያብጥ እንኳ እንዲህ አልጨነቀህም።»

የውሃ መነጽሩን፣ ካሜራውንና አንድ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ወጣ።

ባሕሩ ሸሽቷል፤ ግን የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሳይደርስ ተመልሶ ይሞላል፣ ነፋሱም ተነሥቷል። ባሕሩ ሲሸሽ የምትቀረውን፣ ትናንት ፎቶ ያነሣባትን ኩሬ አገኛት። አሸዋው ላይ ምንም የለም። በደረቱ ተኝቶ ስንዝር በስንዝር ፈተሸ። የሚፈልገው ከጥፍር የማይበልጥ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ነገር ነው። አገኘሁ ሲል የዛጎል ስባሪ ሆነበት። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ጌታዬ፣ በኔ ሰበብ አይሙት።»

አንድ ድንጋይ ጥግ ተለጥፎ አገኘው። ሁለቱን ቀንዶቹን ሰብስቧል፤ በጀርባው እንደ አበባ የሚፈካው መተንፈሻውም ተከድኗል። ይኑር ይሙት አላወቀም። ከነውሃው ወደ ብርጭቆው አስገባው።

ከኮራሉ ጥላ ሥር ግን ሦስት ሰፍነጎች አሉ፤ ቀይ፣ ቢጫና አመድማ። ከየትኛው ነበር ያነሣው? ትናንት ዓይኑ ያረፈው እንስሳው ላይ እንጂ ከሥሩ ባለው ላይ አልነበረም። ከተሳሳተ፣ አሸዋው ላይ መልሶ እንደ መጣል ነው። ውሃው ወገቡ ደርሷል፤ ሞገዱ እየገፋ ከኮራሉ ጋር ያጋጨዋል። ትንፋሹን ይዞ ጠለቀ፤ ወጣ፤ ደግሞ ጠለቀ። በሦስተኛው፣ በአመድማው ሰፍነግ እጥፋት ውስጥ፣ እንደ ቀጭን ሪባን የተጠቀለለ ነጭ ነገር አየ። እንቁላል ነው። አንድ እንግዳ ትቶለት በሄደው መጽሐፍ፣ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ብዙ ጊዜ ከሚመገቡበት ላይ መሆኑን አንብቧል።

ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ እዚያው ደፋው። ጠበቀ። የአዛኑ ድምፅ ውሃውን ተሻግሮ መጣ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አንድ ቀንድ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቆይቶ አበባው ፈካ። አንድ ፎቶ እንዳነሣ ሞገድ ገፍቶ አራቀው።

ቤት ገብቶ እርጥብ ልብሱን ሳይለውጥ ስልኩን አነሣ። «ዶክተር፣ አንሥቼው ነበር። ዛሬ መልሼዋለሁ፤ እንቁላል ያየሁት አመድማ ሰፍነግ ላይ ነው። የትናንቱን ፎቶ ተዪው፤ ይሄንን ያዢ።»

ሐሚዳ ፎቶውን አጮልቃ አየች። «የታለ?»

«ይኸው።»

«እኔ እድፍ መስሎኝ። የትናንቱ ያምር ነበር።»

«ያምር ነበር፤» አለና ብርጭቆውን አለቅልቆ መደርደሪያው ላይ መለሰ፤ ከዚያ ለዘገየው ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ሄደ።