የዓምደ ሚካኤል ሳሎን

በፈረንጅ ዘጠና አምስት እናቴ አረፈች። የሲያትል ሐበሻ ሁሉ ለቅሶ ደረሰኝ፤ ዓምደ ሚካኤል ብቻ ቀረ። ሬኒየር ቢች ያለችው አፓርታማዬ አልበቃ ብላ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ የሕንፃው ማናጀርም ዝም በሉ እያለ በር ደበደበ። ዓምደ ሚካኤል ግን፣ እናቴ አብልታ ያሳደገችው ሰው፣ ስልክ እንኳ አልደወለም። ቤት ሊገዛ ይሯሯጥ ነበር አሉ። ይህን ብረሳ አፈር ልብላ አልኩ።

የገዛው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ትልቅ የእንጨት ቪላ ነው። ሐሳቡ አፍርሶ አፓርታማ መሥራት ነበር። ቤቱ ቅርስ ይባል አይባል የሚል ስብሰባ መጠራቱን ስሰማ፣ እዚያው ሰፈር ያለችውን ፈረንጅ አሮጊት ሄጄ ስለ ቤቱ ጠየቅኋት። የጥንቶቹ ባለቤቶች ሰው ሲሞትባቸው ሬሳውን ሳሎኑ ውስጥ አጋድመው ለቀስተኛ የሚቀበሉት እዚያው ነበር አለችኝ። ስብሰባው ላይ ተነሥቼ በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ "ያን ያህል ሰው የተለቀሰበት ቤት አይፈርስም" አልኳቸው። ለቤቱ አዝኜ መሰላችሁ? እሱ እንዲበግን ነው። አሮጊቷም መሰከረች። በኋላ ቅርስ ነው ተባለ፤ ማፍረስ ተከለከለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓምደ ሚካኤል ወዲያው ኮል አደረገልኝ።

"ባየሽ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ፕሮጀክቴን እኮ ካንስል አስደረግሽው!"

"ለቅሶዬ ቀርተሃል" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በዓመቱ የሱም እናት ሞቱ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሄድም አልኩ። የእናቴ ወዳጅ እማማ ሮማነወርቅ ከፌደራል ዌይ ድረስ መጡና፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! ተነሽ!" ብለው ጎትተው ወሰዱኝ። እኔም ሲያየኝ ይፈር ብዬ ገባሁ።

ማፍረስ ሲከለከል ራሱ የገባበት የዚያ ቪላ ሳሎን ያን ሁሉ ሰው ይዞ ገና ቦታ ነበረው። ሴቱ ደረቱን እየደቃ ይጮኻል፤ ዝም በሉ የሚል የለም። ዓምደ ሚካኤል አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

"ባዬ፣ ይቅር በይኝ። አንቺ ባታስቆሚኝ አፍርሼው ነበር። እናቴን የት አለቅሳት ነበር?"

ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! የኔ እናት ደረጃ ላይ ተለቀሰች፤ ለሱ እናት ይህን የሚያህል ሳሎን ያቆየሁላቸው እኔው ነኝ። እዬዬዬን አቀለጥኩት።

እማማ ሮማነወርቅ ጀርባዬን እያሻሹ፣ "እሰይ የኔ ልጅ፣ ቂምሽ ወጣልሽ" አሉ።

አልወጣልኝም።